የታጠበ ዕቃ

እናት ቧንቧውን ትከፍትና ውሃው ድስቱን መምታት ሲጀምር አፏን በፎጣ አፍና ትስላለች። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ነው። የሚታጠብ ካጣች የታጠበውን መልሳ ታጥባለች። ልጇም «በዚህ አያያዝሽ ድስቱ ይበሳል» እያለ ይቀልድባታል።

አሁን ልጇ፣ ልብስ ሰፊው፣ በወዲያኛው ክፍል ከስፌት መኪናው ጎን ተቀምጦ ከጤና ጣቢያ የመጣችውን ነርስ ያነጋግራል። ሁለቱም አፋቸውን ሸፍነዋል። አክታው ሲመረመር የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶበታል። የእናቱን ኩላሊት ከተቀበለ ወዲህ፣ ሰውነቱ ኩላሊቱን እንዳይቃወም የሚወስደው መድኃኒት በሽታ የመከላከል አቅሙን አዳክሞታል።

«አብሮህ የሚኖር፣ የሚያስለው ሰው አለ?» ትለዋለች ነርሷ።

«ከእናቴ ጋር ብቻ ነኝ። እሷ እንደሆነች ብረት ናት። አንዱን ለእኔ ሰጥታ፣ ባለ ሁለት ኩላሊት ጎረቤቶቿን ዳገት ላይ ቀድማ ቆማ ትጠብቃቸዋለች።»

ነርሷ ትስቃለች። «ቢሆንም ይመርመሩ። የሚያስለው ሰው ቤት ውስጥ ካለና ካልታከመ፣ አንተ ድነህም እንደገና ሊይዝህ ይችላል። ያንተ ሰውነት ደግሞ ሁለተኛውን አይችለውም።» ክዳን ያላት ትንሽ የአክታ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች።

እናት ፎጣውን እንደያዘች ደርቃ ትቀራለች። ብርድ መስሏት ነበር፤ ከልቧ ብርድ መስሏት ነበር። ግን ተራ ጉንፋን እንኳ ያሰጋዋል ብለው ከእሱ እንዳያርቋት ፈርታ ነገሩን በሆዷ ያዘችው። እሷ ከሄደች ማን መድኃኒቱን በሰዓቱ ያስውጠዋል? ከሰውነቷ ቆርሳ የሰጠችው ልጅ፣ በእሷው ትንፋሽ… የቀረውን ልታስበው አልቻለችም።

«እማዬ» ይጣራል ልጇ፣ «ነይና ጤነኛ መሆንሽን ራስሽ ንገሪያት።»

ሳሉ ጉሮሮዋ ሥር ደርሷል። እጇን ወደ ቧንቧው ትሰድና ጥርቅም አድርጋ ትዘጋዋለች። ቤቱ ጸጥ ይላል። ከዚያ ፎጣው ውስጥ ትስላለች፤ ሁለት ወር ያፈነችውን ሁሉ።

ወዲያ ማዶ ወሬው ተቋርጧል። አፏን እንደሸፈነች በሩ ላይ ትቆምና ነጻ እጇን ትዘረጋለች።

«ዕቃዋን ለእኔ ስጪኝ፣ ልጄ» ትላለች ነርሷን።

ልጇ በትከሻዋ አሻግሮ የተዘጋውን ቧንቧ ያያል፤ ከሥሩም ዛሬ ስንቴ እንደታጠበ የማያውቀውን ድስት።