ጨርቄን ማቄን

«እማዬ፣ ምጥ ይዞኛል! ጨርቄን ማቄን ሳትዪ ነይ!» አለች ብሌን በስልክ።

እማማ ውድነሽ ሳቁ። ሰው መንገድ ሲነሳ ጨርቁንም የሱፍ ማቁንም ይሰበስብ በነበረበት ዘመን የተወለደ አባባል ነው። ዛሬማ ልብስ በየጠዋቱ ከግድግዳ ይረጫል፤ በባለቤቱ ገላ ላይ ብቻ ይረጋል፣ ማታ ይተናል። ማን ምን ይሸክፋል? እሳቸው ግን የሟች ባላቸውን ጋቢ ሲፈልጉ ዘገዩ።

ሲደርሱ ልጁ ተወልዷል። ግድግዳው ገና አላወቀውምና አላለበሰውም። ብሌን በቀሚሷ ልትሸፍነው ስትሞክር ጨርቁ ይሟሟል፤ ልጁ ራቁቱን ይጮሃል።

«የት ቀረሽ?»

«ጨርቄን ማቄን ስል ነዋ!» አሉና ጋቢውን ዘረጉ።

ልጁ ተጠቅልሎ ዝም አለ። ብሌን የጋቢውን ጫፍ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«እማዬ... አባዬ አባዬ ይሸታል።»