ነፋስ ያላመጣው

ዶክተሯ ሁለቱን የዲኤንኤ ውጤቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ትዘረጋቸዋለች። «ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ እትዬ። ያው ነው።»

«የትል እናት» ቆማ ታያለች። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ የሚጠራት በዚህ ስም ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለምርምር የሚውሉትን የእሳት ራቶች ከእንቁላል ጀምራ ያሳደገች እሷ ናት። ትላቸው የበቆሎ ጠላት ስለሆነ የማሳደጊያው ክፍል በሩ ድርብ ነው፤ መስኮቱም ደቃቅ መረብ ተወጥሮበታል።

«እነዚህ ድንበር ላይ በወጥመድ የያዝናቸው ናቸው፤ ነፋስ ያመጣቸው» ትላለች ዶክተሯ በጣቷ እያሳየች። «ዘራቸው ድብልቅልቅ ያለ ነው። ከገበሬዎቹ ማሳ የመጡት ግን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ለዓመታት እርስ በርሳቸው ሲዋለዱ የኖሩ።» ቤቱ የማን እንደሆነ አትናገርም። ዓይኗ ብቻ ወደ ማሳደጊያው ክፍል ይሄዳል።

ሴትዮዋ ወንበር ስባ ትቀመጣለች። ባለፈው ወር መብራት ሦስት ቀን ጠፍቶ ነበር። ማራገቢያው ቆመ፣ ክፍሉ ጋለ፣ ራቶቹ እፍኝ እፍኝ እየሆኑ ወለሉ ላይ ረገፉ። አንጀቷ አልቻለም፤ መረቡን ገፋ አደረገችው። ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

«መስኮቱን ከፍቼው ነበር» ትላለች።

ዶክተሯ ተነስታ በሩን ትዘጋለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አለቃችን ነፋስ ነው ብለው መግለጫ ሰጥተዋል። ናሙናው ተደባለቀብኝ ብዬ ብጽፍ የሚጠይቀኝ የለም። እርስዎም ጡረታዎ ደርሷል።»

«ዝም ካልንስ ምን ይመጣል?»

«የኛዎቹ መድኃኒቱን ለምደውታል፤ ለሙከራ ስንረጫቸው ነው የኖርነው። ገበሬው ይህን ካላወቀ ያንኑ ሲረጭ ይከርማል። እነሱ ግን ይራባሉ።»

ኮሪደሩ ላይ የሴትዮዋ ታላቅ ወንድም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጠዋት ከማሳው የለቀማቸውን ትሎች በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ነው የመጣው። በቆሎው ወገብ ደርሶ ነበር፤ አሁን ከቅጠሉ የቀረው ጅማቱ ነው። ሁለት ጊዜ ረጭቷል።

ስትወጣ ሲያያት፣ «አልቅሰሻል እንዴ?» ይላታል። «ተይ እንጂ! ከነፋስ ጋር ማን ይካሰሳል? ሰው ቢሆን ኖሮ አንገቱን ይዤ ነበር።»

አጠገቡ ትቀመጣለች። «ጋሼ፣ ነፋስ አይደለም። እኔ ከማሳድግበት ክፍል ነው የወጡት። ሙቀቱ ሲገድላቸው መስኮት ከፈትኩላቸው።»

«ለማን?»

«ለራቶቹ።»

ለአፍታ የቀለደች መስሎት ፈገግ ሊል ይቃጣዋል። ከዚያ ፊቷን ያያል። አይጮህም። ቀስ ብሎ እስከ አግዳሚው ጫፍ ፈቀቅ ይላል፤ በመሀላቸው ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ይቀራል።

ስልኩ ይጮኻል። ሚስቱ ናት። ስልኩን አየት፣ እህቱን አየት ያደርግና ሳያነሳው ይዘረጋላታል። ትቀበለዋለች።

«ሃሎ» ትላለች።

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ።»

«ውይ፣ እንኳን አንቺ ሆንሽ!» ትላለች የወንድሟ ሚስት፣ በእፎይታ። «እሱማ አጣርቶ አይነግረኝም። በይ ንገሪኝ እስቲ፣ ከየት መጡ አሉ?»