ጀልባው ነገ ይደርሳል

ሚስትየው ስልኳን ዘግታ ከደጅ ስትመለስ፣ አማቷ ጫማቸውን አውልቀው ሚዛኑ ላይ ቆመዋል። ወደ ደሴቱ ፓርክ የምትበረው ትንሿ አውሮፕላን መንገደኛን ከነጓዙ መዝና ነው የምታሳፍረው፤ አሮጊቷ እንዳይከብዱ ብለው ሹራባቸውን ሳይቀር አግዳሚው ላይ ጥለውታል።

“አንድ ቦታ ብቻ ነው የቀረው እማማ” አላቸው ትኬት ሻጩ። “ጀልባው ደግሞ ማታ ተነስቶ ነገ ከሰዓት ነው የሚደርሰው።”

“እንግዲያው እሷ ትብረር፤ የልጄ ሚስት ናት” አሉ። ወዲያው ደግሞ፣ “ኧረ እኔው ልሂድ፤ የእናቱን ድምፅ ከሰማ ዓይኑን ይገልጣል።”

ሁለቱም ከቤት የወጡት፣ የፓርኩ ጠባቂ የሆነው የአሮጊቷ ልጅ ትናንት ከገደል ወድቆ ራሱን ስቷል ተብለው ነበር።

 ሚስትየውን እንባ እንቢ ብሏታል። ጎንበስ አለችና የአሮጊቷን ጫማ አንስታ እግራቸው ሥር አቀረበችላቸው።

“በጀልባ እንሂድ እማዬ። አብረን።”

“አብደሻል እንዴ ልጄ? እስከ ነገ ይጠብቀናል?”

“ይጠብቀናል” አለች።

የፓርኩ ነርስ ቅድም እሷ ደጅ ሳለች ደውሎ ባሏ መሞቱን ነግሯታል፤ እሷ ግን ከ“ይጠብቀናል” ሌላ ቃል ከአፏ ሊወጣላት አልቻለም።

አሮጊቷ አንድ እግራቸውን ጫማው ውስጥ እንዳስገቡ ቀሩ። ፊቷን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ከሚዛኑ ወረዱና ወደ ትኬት ሻጩ ዞሩ።

“በጀልባው አድርግልን ልጄ” አሉት። “የሚያስቸኩለን የለም።”