ሰፊው ሱሪ

የባሏ ሳቅ ከደረጃው ሥር ሲሰማ ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አነሳች። መርፌው የሙሽራዋ ቀሚስ እጅጌ ላይ እንደተሰካ ቀረ። በሩን ገርበብ አድርጋ የተወችው አየር ይግባ ብላ ነው፤ ለጆሮዋ እንደሆነ ግን ራሷም ታውቃለች።

“ቀስ ብለው ጋሼ፣ መደገፊያውን ይያዙ” የሚል የሴት ድምፅ ተከተለ።

ከታች ያለችው ጎረቤታቸው ናት፤ ነርስ፣ ቀጠን ያለች፣ ልጅ እግር። ባልየው ለመክሳት ብሎ ጨጓራውን በቀዶ ጥገና ካስቀነሰ ወዲህ ሐኪሙ ተንቀሳቀስ ቢለውም ከአልጋ መነሳት ራሱ ዳገት ሆኖበት ነበር የከረመው። ባለፈው ሳምንት ነርሷ በራቸውን አንኳኩታ፣ ከሥራ ስመለስ ደረጃውን አብረን እንውጣ አለችው። ልብስ ሰፊዋ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ሸኘቻት። በሩን ከዘጋች በኋላ ግን የነርሷ እርምጃ ደረጃውን ወርዶ እስኪጠፋ ቆማ አዳመጠች።

ይህ ሰው እኮ ከእሷ ጋር ወፍሮ የኖረ ሰው ነው። ሰፈሩ “ግንዶቹ” ይላቸው ነበር። ታክሲ ውስጥ የኋላው ወንበር የሁለታቸው ብቻ ነው። ፎቶ አንሺው ሁለቱን በአንድ ላይ ለማስገባት ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ከግድግዳ ጋር ይጋጫል፤ ከሱ ቀድመው የሚስቁት ደግሞ እነሱው ናቸው። በኋላ የስኳሩ ነገር አስፈራውና ሐኪም ዘንድ ሄደ። ቀዶ ጥገናውን አብረን እናድርግ ብሎ ለመናት። እሷ ሆዴን ለቢላ አልሰጥም ብላ ቀረች።

አሁን እሱ ከቀን ወደ ቀን እየሟሸሸ ነው። አንገት አወጣ። ሲያጫት የነበረው የጉንጩ አጥንት፣ ከዚያ ወዲህ አይታው የማታውቀው፣ ተመልሶ ብቅ አለ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ይላታል። እሷም አሜን ትላለች፣ ከዚያ መስታወት ፊት ቆማ ለብቻዋ የቀረችውን ግንድ ታያለች።

ሱሪዎቹን እንድታጠብብለት ከጠየቃት ቆይቷል። የሙሽራ ሥራ ተደራርቦብኛል አለችው። አንድ ሱሪ ማጥበብ ለእሷ ምን ሥራ ነው? ግን በዚያ ሰፊ ሱሪ ውስጥ ሲንገላወድ ከኋላው ስታየው ያው የድሮው ሰውዬ ይመስላታል፤ ያው የእሷ።

ትንፋሹ ከእግሩ ቀድሞ ደረሰ። በበሩ ክፍተት አጮልቃ አየችው። በአንድ እጁ መደገፊያውን፣ በሌላው የሱሪውን ወገብ ጨብጧል። ፊቱ አመድ መስሏል።

“ይሄ ሱሪ ይጥልዎታል እኮ ጋሼ” አለች ነርሷ። “ቤት ውስጥ ባለሙያ እያለልዎት፣ ምነው እትዬ ትንሽ ቢያጠብቡልዎት?”

ልብስ ሰፊዋ ጆሮዋ ጋለ።

“እኔ ነኝ ተዪው ያልኳት” አለ ባልየው። “ገና እቀንስ የለ፣ ሁለቴ ለምን ትልፋ ብዬ ነው።”

ሲዋሽ ድምፁ እንዴት እንደሚለሰልስ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። በሩን ከፍታ ወጣች። በዚያው ቅጽበት ጉልበቱ ከዳውና ደረጃው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ነርሷ ውሃ ላምጣ ብላ ስትንደረደር፣ ልብስ ሰፊዋ እኔ አለሁ አንቺ ግቢ ብላ መለሰቻት። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ሻከረባት። ነርሷ ሁለቱንም አየት አየት አድርጋ ወረደች።

አጠገቡ ተቀመጠች። ጠባቡ ደረጃ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲይዝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ይህም አናደዳት።

“ደከመኝ” አላት። “ሦስት ማንኪያ ሾርባ ሆዴን ይሞላዋል፤ በዚያች ሾርባ ነው ይሄን ሁሉ የምወጣው። አማረብህ ይሉኛል፤ እኔ ግን እጄን ማንሳት ያቅተኛል።”

“ለሷ ግን ትስቅላታለህ።”

“ካልሳቅኩ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ።” ላቡን በእጅጌው ጠረገ። “አንቺ ፊት ግን የመሳቅ ግዴታ የለብኝም ብዬ ነው።”

ልብስ ሰፊዋ ጣቶቿ ላይ የቀረውን ነጭ ክር ፈተለች።

“ሱሪውን ሆን ብዬ ነው የተውኩት” አለች በመጨረሻ።

“አውቃለሁ።”

“ምኑን ታውቃለህ?”

“ሥራ ሲበዛብሽ ታንጎራጉሪያለሽ። ሰሞኑን ከዚያ መኪና ጋር ተፋጠሽ ነው የምትውዪው፤ አንድ ቀን እንኳ ስታንጎራጉሪ አልሰማሁም።”

ነገ ደረጃውን እኔ ነኝ የማወጣህ ልትለው አሰበች፤ ደግሞ እኔም ቶሎ ነው የሚደክመኝ፣ እንዳትስቅብኝ ልትለው። ቃሉን ስታሰናዳ ትከሻዋ ላይ ዘንበል አለ። አፉ በትንሹ ተከፍቶ እንቅልፍ ይዞት ሄዷል። በዚህ ቅርበት የጉንጩ አጥንት ይበልጥ አማረ፤ ቅናቱም ከነበረበት አልተነቃነቀም።

ከላይ አንድ ጎረቤት ፌስታል አንጠልጥሎ ሲወርድ ጉልበቷን ሰብስባ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አሳለፈችው። ትከሻዋ እየደነዘዘ ነው። ሌላው ገላው ሁሉ ቀልሎ፣ ጭንቅላቱ ብቻ እንደ ድሮው ከባድ ነበር።