ጭብጨባው

ለሕክምና ተማሪዎች የአእምሮ ሕመም ሳስተምር ከራሴ የፈጠርኩትን ሕመምተኛ ካርድ ላይ እጽፋለሁ። አንዱ ተማሪ ሕመምተኛውን ሆኖ ይጫወታል፤ ሌላው እንደ ሐኪም ይጠይቀዋል። ሳጨበጭብ ጨዋታው ያበቃል፤ ተጫዋቹም የራሱን ስም ይናገራል። በዚህ ሕግ ቀልድ አላውቅም።

በ2003 ጥር ወር፣ ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ለተማሪዬ ለያምሮት የደረሳት ካርድ እንዲህ ይል ነበር፦ «ከፈረስ ቤት ከተማ አጠገብ የምትኖሪ ገበሬ ነሽ። ባልሽን ክረምት ላይ ደራሽ ውኃ ወስዶታል። አሁንም ድምፁን ትሰሚያለሽ።» ስም አልጻፍኩም።

ሐኪሙን ሆኖ የሚጫወተው ያረጋል ጠየቃት።

«ምን ይልሻል?»

«ጠብቂኝ፣ እመጣለሁ ይለኛል።»

«መቼ?»

«ዛሬ ነው ያለኝ።»

ጥሩ ተጫውታለች። አጨበጨብኩና «ስምሽ ማን ነው?» አልኳት።

«ንግሥቴ እባላለሁ።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ ግን ተናደድኩ፤ ደግሜ አጨበጨብኩ።

«ምን አጠፋሁ፣ ጌታዬ?» አለችኝ አንገቷን ደፍታ። ያምሮት ሁልጊዜ «ዶክተር» ነበር የምትለኝ።

በሩ ተንኳኳ። ያረጋል ሲከፍተው አንድ ገበሬ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል።

«እንደምን ዋላችሁ። ንግሥቴን ልወስዳት ነበር። መንገዳችን ሩቅ ነው፤ ሳይመሽብን እንግባ።»

ዝናብ ካየን ሦስት ወር ሆኖናል። ከሰውዬው ጋቢ ግን ውኃ እየተንጠባጠበ ደጃፉን አርሶታል።

ያምሮት ነጭ ጋውኗን እንደ ነጠላ አጣፍታ ተነሣች።

«ያምሮት፣ ተቀመጪ» አልኳት። ዞር ብላም አላየችኝ።

ግቢውን አቋርጠው እስኪወጡ ድረስ አጨበጨብኩ።