አረንጓዴው መጋረጃ

የመጋረጃና የቤት ዕቃ መደብሩ ግድግዳ ላይ «ሽያጭ እጅ በእጅ ብቻ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ሴትየዋ ይህን ከባለሱቁ እኩል ታውቀዋለች። ቢሆንም ደመወዝ በወጣ ቁጥር ትመጣና አረንጓዴውን መጋረጃ ዳሰስ አድርጋ፣ «ግማሹን ዛሬ ልክፈልህ፤ ግማሹን በሚቀጥለው ወር» ትለዋለች።

«እናቴ፣ ዱቤ ከዚህ በፊት ሱቅ አዘግቶኛል» ይላታል።

«እንግዳ በመጣ ቁጥር መስኮቴ ላይ አንሶላ ተሰቅሎ ሲያዩት እሳቀቃለሁ እኮ።»

ዛሬ የመጣው ግን ባሏ ነው።

«ባለቤቴ የምትመላለስበትን አረንጓዴ መጋረጃ ስጠኝ» አለና ብሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

ባለሱቁ ደስ አለው። ሳይጠየቅ ቀነሰለት። መጋረጃውን እያጠፈም፣ «እሷስ ምነው ቀረች?» አለ።

«ቤቱ እንግዳ ሞልቶበታል። ቶሎ ልስቀልላት ብዬ ነው።»

«እሰይ፣ በስተመጨረሻ ተሳካላት። ሎተሪ ደረሳችሁ እንዴ?»

ሰውየው መጋረጃውን ብብቱ ስር ሸጎጠ።

«አይ፣ የዕድሯ ዳኛ ናቸው ዛሬ ጠዋት ብሩን አምጥተው የሰጡኝ።»