ዞረው ይመጣሉ

ሐኪሟ የአያ አለነን የዐይን ሽፋን በጣቷ ገልጣ በትንሽ ባትሪ አበራችና፣ «ካም ራውንድ» ያለበት አንድ ነገር በእንግሊዝኛ ተናግራ ወደ ቀጣዩ አልጋ አለፈች።

«ምን አለች?» አሉ ወይዘሮ የዓለምወርቅ። ባላቸው የጎጆ ክዳን ሲያድሱ ወድቀው፣ ራሳቸውን እንደሳቱ ነው ከኮላ ድባ ጎንደር ሆስፒታል በማኪና የመጡት።

ልጃቸው ሐረገወይን ነጭ የነርስ ተማሪ ልብሷን ለብሳ፣ ቆቧን ደፍታ አጠገባቸው ቆማለች። ቃሉን ታውቀዋለች። የእንግሊዝኛ መምህሯ ሲያስረዱ ጎረቤት ብቅ ሲል ይባላል፣ ራሱን የሳተ ሲነቃ ይባላል፣ ያኮረፈ ሰው ልቡ ሲመለስም ይባላል ብለው ነበር። ከየት መጣ ብትላቸው፣ ምናልባት ከመርከበኞች ይሆናል፣ መርከብ ፊቷን ወደ ነፋሱ ስታዞር እንዲያ ይላሉ አሏት። ሐረገወይን ግን ከጣና ታንኳ በቀር አይታ አታውቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት ሠርጓ ሲደገስ ጠፍታ ወደ ትምህርት ቤት በመጣች ጊዜ፣ አባቷ «ሞታለች በሉ» ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጎንደርን አልረገጡም። አሁን መጡ፤ መምጣታቸውን ግን አያውቁም።

«ዞረው ይመጣሉ ነው ያለች፣ እማ።»

«በየት ዞረው?»

እናቷ መልሷን ሳይጠብቁ አልጋው ራስጌ ተቀምጠው አፋቸውን ወደ ባላቸው ጆሮ አስጠጉ።

«እንግዲህ ይምጡ። እርሻው ታርሷል፣ መሃሉን አይርገጡ፣ በዳሩ ይዙሩ። አዘዞ ሲደርሱ ወንዙን በድንጋዩ ላይ ይሻገሩ። ማኪና ሲመጣ ጥግ ይያዙ። ዳገቱ አይበጅዎትም፣ በቁስቋም በኩል ይዙሩ። እዚያ ጥላ አለ፣ ትንሽ ይረፉ።»

ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፤ ቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ። የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ብርድ ልብሱ ላይ ተኝታለች። ሐረገወይን የአባቷን የልብ ምት ልትቆጥር የእጃቸውን አንጓ ይዛ ነበር፤ ስንት ላይ እንዳቆመች አላወቀችም። እሷም በሐሳቧ መንገድ ላይ ናት። ከዳገቱ ሥር ሐይቁ ይታያታል፤ መሃሉ ላይ ቀዛፊ የሌለው ታንኳ ፊቱን ቀስ፣ ቀስ እያለ ያዞራል።

አንጓው እጇ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። አያ አለነ ዐይናቸውን ገልጠው ነጩን ልብስ አዩ።

«እመት፣ ውኃ ቢሰጡኝ።»

እናቷ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ሐረገወይን ተዪ በሚል ዐይን አየቻቸው። አባቷ ልጃቸው መሆኗን ካወቁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ይሆናል። የአባቷን ራስ በክንዷ ደግፋ ጥቂት ጥቂት አጠጣቻቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው።

ኩባያውን አስቀምጣ ዘወር ልትል ስትል፣ ቆቧን ትክ ብለው ሲያዩ አገኘቻቸው።

«ጠጉርሽን ቆረጡት?»

እመት አላሏትም። ሐረገወይን መያዣውን ነቅላ ቆቡን አወለቀችና አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። ሹሩባዋ ብርድ ልብሱ ላይ ተዘረገፈ።

አያ አለነ ሣር የቆራረጠው ጣታቸውን አንስተው፣ አንዱን ጉንጉን ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ተከተሉት።

«ማን ሠራሽ?»

«አብራኝ የምትማር ልጅ።»

«ሸጋ አርጋ ሠርታሻለች።»

ሐኪሟ ተመልሳ ከበሩ ላይ ጠራቻት። ሐረገወይን እንደተንበረከከች ቀረች፤ የአባቷ እጅ ገና ከራሷ ላይ አልተነሣም።